ጃርትና የረገፈው እሾሁ

አንድ ጊዜ ቀበሮ በሦስት እግሩ እያነከሰ ከጃርት ጉድጓድ ወጣና ደጁ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። የፊት መዳፉን ይልሳል፤ ያቃስታል። ጃርት ተከትሎት ወጣ።

«ምን ነካህ? አሁን ደህና አልነበርክም?»

«ቤትህ ወጋኝ።»

«ቤት ይወጋል እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬበት አንድ ቀን ወግቶኝ አያውቅም።»

ቀበሮ መዳፉ ላይ የተሰካውን በጥርሱ ነቅሎ ፊቱ ጣለለት። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር እሾህ ነበር።

«አያ ጃርት፣ ይህ ካንተው ገላ የረገፈ ነው። መተላለፊያው ላይ ሞልቷል። ጥረገው።»

ጃርት ሳቀ። «ከርከሮንስ ‹ቤትህ ሊናድ ነው› ብለህ አይደል ያስወጣኸው? ዛሬ እዚያ ተጋድሞ የሚያንኮራፋው ማን ነው?»

«ለከርከሮ የነገርኩት ውሸት ነው» አለ ቀበሮ ምንም ሳያፍር። «የዛሬው ግን እውነት ነው። እውነት ለምጄ ስለማላውቅ ነው አፌ ላይ ያላማረው።»

«በል ሂድ፣ ሂድ! ቤቴን ለቅቄልህ የምወጣ ሞኝ አይደለሁም።»

ቀበሮ እያነከሰ ሄደ። ጃርትን ግን ነገሩ ከነከነው። ሰነፍ አልነበረም፤ ቤቱን ይወዳል። ገብቶ ጣሪያውን በአፍንጫው ገፋ ገፋ እያደረገ የሚናድ አፈር ፈለገ። የለም። እባብ እንዳይገባ ቀዳዳውን የወተፈበትን ድንጋይ ነካካው። አልተነቃነቀም። የጎርፉን መውረጃ አየ፤ ክፍት ነው። በመጨረሻ መተላለፊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሦስቴ ተመላለሰበት። የረገፈው እሾህ ከወፍራም መዳፉ ሥር ኮሽ፣ ኮሽ አለ። አልወጋውም።

«ይኸው! ቀጣፊ!» አለና ጋደም አለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ጃርት ደጁ ላይ ሥር እየቆረጠመ ሳለ ከታች ከሜዳው ጩኸት ሰማ። ጎረቤቱ እመት ጥንቸል፣ ድንቡሼ የምትላትን አንድ ልጇን ከፊት ከፊት እየነዳች ወደ እሱ ትሮጣለች። ከኋላቸው ጅብ አፉን ከፍቶ ይመጣል።

«አያ ጃርት! ድረስልኝ!»

«ግቡ! ወደ ውስጥ! ጨለማ ነው ብላችሁ አትፍሩ፣ ሩጡ!»

እናትና ልጅ ገቡ። ጃርት ጀርባውን ለጅብ ሰጥቶ፣ እሾሁን አቁሞ፣ በሩን በገላው ዘጋው።

ጅብ ደርሶ ቆመ። «አያ ጃርት፣ ዞር በልልኝ። እራቴ ቤትህ ገብታለች።»

«እራትህ አይደለችም፤ እንግዳዬ ናት።»

ጅብ አሰበ። ሲያስብ ምራቁ ይንጠባጠባል። «እሺ እንካፈል። ጆሮዋ ላንተ። ጆሮዋ ደግሞ ትልቅ ነው።»

«አልሰማሁህም አያ ጅቦ፤ ጠጋ ብለህ ንገረኝ።»

ጅብ እውነት መስሎት ጠጋ አለ። ጃርት ወደ ኋላው ወርወር ሲል የጅብ አፍንጫ ላይ ሁለት እሾህ ተተከለ። ጅብ እየጮኸ ቁልቁለቱን ወረደ።

ጃርት በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። «ሄዷል! ኑ ውጡ!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

የወጣ የለም። የጥንቸል ድምፅ ብቻ ቀስ ብሎ ይሰማል፤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ ልጄ» ትላለች። ጃርት ገባ። ድንቡሼ መተላለፊያው ላይ ተጋድማለች። ስትሮጥ ተደናቅፋ ወድቃ ኖሯል። ዝንጉርጉሩ እሾህ ቀኝ ዓይኗ ላይ ቆሟል።

እናቲቱ ቀና ብላ ጃርትን አየችው። እሾሁን በጥርሷ ነቀለችና ልጇን ደግፋ ወጣች።

ልጅቱ ዳነች፤ ዓይኗ ግን ጠፋ።

ጃርት ያን ማታ የቆረጠመው ሥር የለም። በነጋታው በመዳፉ መፈተሹን ተወና፣ ከገላው ሁሉ ለስላሳ የሆነውን አፍንጫውን መሬት አስነክቶ ከበሩ ጀመረ። ትንሽ ሄድ ሲል ወጋው። ደግሞ ሄድ ሲል ወጋው። ግድግዳው ሥር ወጋው፤ መኝታው አጠገብ ወጋው።

«ይህን ሁሉ ይዤ ነው ‹ግቡ› ያልኩት?» አለ።

ደሙ እየተንጠባጠበ ለቃቀመና ወስዶ ገደል ከተተው። ሲመሽ ጨረሰ። ደግሞ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ዞረበት። የቀረ የለም።

ሲነጋ ወደ ሜዳው ወረደ። ጥንቸል ሣር ትግጣለች። ድንቡሼ የማታይበትን ጎኗን ወደ እናቷ አስጠግታ ቆማለች።

«እመት ጥንቸል፣ ቤቱን ጠርጌዋለሁ» አለ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «አንዲት እሾህ የለችበትም። ጅቡ ይመለሳል፤ ክረምቱም እየገባ ነው። ኑና እኔ ዘንድ ሁኑ።»

ጥንቸል መጋጧን ተወች። ልጇን አየች፤ ከዚያ የጃርትን የቆሰለ አፍንጫ አየች። ፊቷ ላይ ቂም አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጃርት። እኛ ሜዳው ይሻለናል።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችን ደህና መሆኑን መፈተሽ ያለብን በለመደው በራሳችን እግር ሳይሆን፣ ወደ ቤታችን በሚገባው በደካማው እግር መሆኑን፣ እሱንም እንግዳው ከመግባቱ በፊት መሆኑን ነው።