ጃርት የቆፈረችው ቦይ

አንድ ጊዜ ፈጣን ባቡር በሚያልፍበት ሜዳ ዳር አንዲት ጃርት ብቻዋን ትኖር ነበር። ድሮ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ጥንቸል ከነልጆቿ ጎረቤቷ ነበረች፤ ያገኙትን ሥርና ቅጠል አብረው ይበሉ ነበር። ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡሩ ሲመጣ ግን መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን የጥንቸል ጉድጓድ ተደርምሶ ልጆቿ ለጥቂት ተረፉ።

«እህቴ፣ ጠልቼሽ አይደለም» አለች ጥንቸል። «ልጆቼን እዚህ ማሳደግ አልችልም። መሬቱ ዝም ካለ መልእክት ላኪብኝ፣ እመለሳለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጃርት ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» የሚላት አጣች። ይህ ከመንቀጥቀጡ የባሰ ነበር።

አንድ ቀን ሥር ፍለጋ ጎርፍ የሸረሸረውን ቦረቦር ተሻግራ ሳለ ባቡሩ አለፈ። ድምፁን ሰማች፤ እግሯ ሥር ያለው መሬት ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ከቦረቦሩ ወዲህ ተመልሳ ቀጣዩን ባቡር ጠበቀች። ጥርሷ ሳይቀር ተንገጫገጨ።

«መንቀጥቀጡ ባዶውን መሻገር ያቅተዋል ማለት ነው» አለች ለራሷ። ሌላማ ለማን ትናገር።

በጋውን ሙሉ በሐዲዱና በጉድጓዶቹ መካከል ጥልቅና ረጅም ቦይ ቆፈረች። ጥፍሯ አለቀ፤ መሬቱ ግን ዝም አለ። ወዲያው በአህያ መልእክት ላከች። ጥንቸልም «እሑድ ከነልጆቼ እመጣለሁ» አለች።

እዚያው ሰፈር ጅብ ይኖር ነበር። ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ እሱም ደህና እንቅልፍ ይተኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ቅዳሜ ዕለት የሞተ በሬ አገኘና ሆዱ እስኪነፋ በላ። ቀበሮ የተረፈውን አየችና ተጠጋችው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ሥጋ ሜዳ ላይ ሊተዉት ነው? ያ ቦይ ባዶውን ተቀምጦ የለም? እዚያ ይክተቱት። የት እንዳለ እንዳይታወቅ ደግሞ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአፈርና በድንጋይ ይድፈኑት። እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

ቀበሮ ሥጋ ልትጠብቅ! ጅብ ግን አመናት። ጃርት ድንጋይ ሲንከባለል ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«አያ ጅቦ፣ እባክዎ ይተዉት። ቦዩ የሚጠቅመን ባዶ ስለሆነ ነው። ነገ ጥንቸል ትመጣለች።»

«ባዶ ነገር ምን ይጠቅማል?» አለ ጅብ አፈሩን እየረገጠ። «እኔ ባዶ ሆድ አውቃለሁ፤ ጥቅም የለውም።»

እሑድ ጥንቸል ከነልጆቿ መጥታ ጃርት ጉድጓድ ገባች። ሰላምታውን ሳይጨርሱ ባቡሩ አለፈ። የጉድጓዱ ጣሪያ ተናደና የትንሿን ልጅ ጀርባ አፈር ሞላው።

«ዝም ብሏል ብለሽ ላክሽብኝ እኮ» አለች ጥንቸል ልጇን እያራገፈች።

«እስከ ትናንት ዝም ብሎ ነበር። ቦይ ቆፍሬ ነበር፤ ጅብ ደፈነው።»

ጥንቸል ወደ ሐዲዱ ብታይ ሜዳ እንጂ ቦይ የለም፤ አላመነቻትም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ስለናፈቅንሽ ነው የዋሸሽው። አልፈርድብሽም። ግን ሁለተኛ አትላኪብኝ» ብላ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

የጅብም ዋሻ ተደርምሶበት አፈር ለብሶ ወጣ። ወደ ሥጋው ቢሮጥ አጥንቱን አገኘ፤ ቀበሮ የለችም።

«ይሄ መሬት ምን ነካው?» አለ ጃርትን። «ሰሞኑን እንዲህ አልነበረም።»

ጃርት ቦዩን እንደገና መቆፈር ጀመረች። ስትጨርስ መሬቱ እንደገና ዝም አለ። አህያ «ለጥንቸል ልንገራት?» ቢላት «አትላኪብኝ ብላኛለች» አለችው። ባቡሩ አለፈ፤ ከጣሪያዋ ቅንጣት አፈር አልወደቀም። ጃርት ያን ጸጥታ ብቻዋን አዳመጠችው።

ከዚህ የምንማረው ሌላው ደክሞ የሠራውን ነገር የማይረባ ስለመሰለን ብቻ ከማበላሸታችን በፊት ለምን እንደሠራው ጠይቀን መልሱን መስማት እንዳለብን ነው።