ከራሷ ደጅ የጀመረችው ዘርፌ

ወረዳ በአፍ እንጂ በወረቀት በማይታወቅበት ዘመን ነው፣ ልጆቼ። በላይ ደንጎራና በታች ደንጎራ ወረዳዎች መካከል ጉብላ የምትባል መንደር ነበረች። በጉብላ ዘርፌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባል የላትም፣ ዘመድ የላትም፣ ያላት በመንደሩ ላይኛ ዳር አንዲት ጎጆ ነበረች። ሰው ገንቦዋን ይገዛል፤ አብሯት ግን ማዕድ አይቆርስም።

አንድ ዓመት እህሉ ያዘ፤ ጥጋብ ሆነ። የላይ ደንጎራ ገዥ «ጉብላ የኔ ናት» ብሎ ጭፍራ ላከ። የታች ደንጎራ ገዥም «ጉብላ የኔ ናት» ብሎ ጭፍራ ላከ። በአንድ ቀን ደረሱ፤ ሁለቱም ቀለብ አምጡ አሉ። መንደሩ ያረደው አንድ በሬ ነው። ሁለቱ ጭፍሮች በበሬው ጦር ተማዘዙ። የመንደሩ ወንዶች ተደበቁ። ዘርፌ ወጥታ የበሬው ሥጋ የተሠራበትን ድስት መካከላቸው አስቀመጠች።

«ጌቶቼ፣ ድስቱ አንድ ነው። ከተጋፋችሁ ይሰበርና ሁላችሁም ጦማችሁን ታድራላችሁ» አለች።

ተያዩ። ጦራቸውን ጥለው በሉ።

በሌላ ዓመት በሽታ ገባ። ጉብላ እርዱኝ ብላ ወደ ላይ ደንጎራ ላከች፤ ገዥው «የኔ አይደለችም» አለ። ወደ ታች ደንጎራ ላከች፤ ያም «የኔ አይደለችም» አለ። መንገዱን ዘጉባት። ዘርፌ አርባ ቀን ሙሉ በየደጁ ውሃ አመላለሰች። አብረዋት የማይበሉት ከእጇ ጠጡ። ዘጠኝ ሰው በገዛ እጇ ቀበረች። ከዘጠኙ አንዷ፣ አንድ ጊዜ ዘርፌን ሸክላ ሠሪ ናት ብላ ከሠርግ ቤት ያባረረቻት ጎረቤቷ ነበረች። ዘርፌ እሷን ስትቀብር አለቀሰች ይላሉ።

በሽታው ሲያልፍ ሁለቱ ገዥዎች እንደገና ተጣሉ። የአውራጃው ገዥ ዳኛ ላከ። በዚያ አገር ልማድ የድንበር ምስክር አፈር በአናቱ ተሸክሞ፣ ምሎ፣ ድንበሩን በእግሩ ይረግጣል። ግን የትኛው ሽማግሌ ይመስክር? አንዱ ለላይ አማች ነው፣ አንዱ ለታች አበልጅ ነው። ለማንም የማትወግን ዘርፌ ብቻ ሆነች። ለሸክላዋ ጭቃ ስትቆፍርም የጥንቱን የወሰን ድንጋዮች ታውቃቸዋለች።

የላይ ደንጎራ ገዥ «ለኔ ከረገጥሽ ሰፊ ርስት እሰጥሻለሁ» ብሎ ላከባት። የታች ደንጎራው «ለኔ ካልረገጥሽ ወዮልሽ» ብሎ ላከባት። ፈራች። የሁለቱንም መልእክተኛ ግን ከደጇ መለሰች።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። ዘርፌ ማለች፤ አፈሩን ተሸከመች። ሁሉም ድንበሩ ከሚያበቃበት ወንዝ ትጀምራለች ሲል ወደ ጎጆዋ ሄደች። በደጇ ገብታ ምድጃዋ ላይ ቆመች።

«እዚህ ቆፍሩ» አለች።

ቆፈሩ። የወሰን ድንጋይ ወጣ።

ዳኛው ደነገጠ። «አንቺ ሴት፣ በወሰን ላይ ያለ ቤት እንደሚፈርስ አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ምድጃዬን ስተክል ነው ያየሁት። ማን ይጠይቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ምያለሁ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ወንዙ ረገጠች። በጠቆመችበት ሁሉ ድንጋይ ተገኘ። የተከራከራት አልነበረም። መንደሩ ከወሰኑ በታች ስለዋለ ጉብላ ለታች ደንጎራ ሆነች፤ በጥጋብም በመከራም የሚጠየቅላት አንድ ገዥ አገኘች። የዘርፌ ጎጆ የዚያኑ ዕለት ፈረሰ። መንደሩ ሌላ ሠራላት፤ በምርቃቱ ቀን ሁሉም ከማዕዷ ቆረሰ።

እስከ ዛሬ በደንጎራ የድንበር ምስክር አፈሩን ሲሸከም ሽማግሌዎች «ከደጅህ ጀምረሃል?» ብለው ይጠይቁታል። ዝም ካለ አፈሩን ያወርዱታል።