የአያ ጅቦ ድንጋይ

በድሮ ዘመን፣ አውሬና የቤት እንስሳ በአንድ ሸለቆ ሲኖሩ፣ አያ ጅቦ የሚባል፣ ረኃብ እንጂ ኅሊና የማይቆረቁረው ጅብ ነበረ። እመት ፍየል የምትባል፣ ባሏን የምትወድ፣ አንደበቷ እንደ ቀንዷ የሾለ ነበረች። ዝንጀሮና ኤሊ ደግሞ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ማስታረቅ ይወዳሉ፣ ካስታረቁ በኋላ ግን ዞር ብለው አያዩም።

የሸለቆው ሕግ እንዲህ ነበር። የበደለ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ «ማሩኝ» ይላል። የተበደለ ራሱ ቀርቦ ድንጋዩን ያወርድለታል። ከወረደለት ወዲያ ጎረቤት ነው፤ ደጅ አይዘጋበትም።

አያ ጅቦ የአህያን ውርንጭላ በላ። ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» አለ። አህያ አወረደችለት። ሳይሰነብት ራሷን አህያን በላት።

ቀጥሎ የበግን ግልገል በላ። ከፊተኛው ያነሰ ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» አለ። በግ አወረደችለት። ሳይሰነብት ራሷን በግን በላት።

ከዚያ የእመት ፍየልን ባል በላ። አሁንማ የተሸከመው ጉልቻ እንኳ የማይሆን ጠጠር ነበር!

እመት ፍየል ቆመች። ከኋላዋ ሁለት ግልገሎቿ አሉ። ድንጋዩን ካወረደች ደጇን ልትዘጋበት አትችልም።

«ኧረ እመት ፍየል፣ ለሽበታችን ብለሽ!» አለ ዝንጀሮ። «ተጸጽቷል እኮ፤ እንባውን አታዪም?»

«እኔ የማየው ምራቁን ነው» አለች። «አያ ጅቦ፣ ባሌ ሲሞት ምን አለ?»

አያ ጅቦ አሰበ። «እ... ብዙም አልጮኸ። ጉበቱ ግን!» ብሎ ከንፈሩን ላሰ።

ስሙልኝ ልጆቼ! ነፍስ አጥፍቶ የሚያስታውሰው ጣዕሙን ነው። ሽማግሌዎቹስ ምን አሉ? «እውነቱን መናገሩም ትልቅ ነገር ነው» አሉ። እንዴት አያንገበግብ!

«እሺ» አለች እመት ፍየል። «ግን ባሌ የሚከብደው ይህችን ታህል ነው? በልኩ ይሸከም። በጠፍር ይታሰርለትና እስከ መስቀል ይክረምበት። ያን ጊዜም ‹ማሩኝ› ካለ እኔው አወርድለታለሁ።»

«ይቺማ ምን አላት፣ እቴ!» ብሎ አያ ጅቦ ሳቀ። የመበለት ልብ ቶሎ ይራራል ብሎ ነዋ! ሽማግሌዎቹም ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ አሰሩለት።

ገና ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ ትንሿ ግልገል ውኃ ልትጠጣ ወደ ወንዙ ወረደች። አያ ጅቦ አያት። ምሕረቱን ረሳ፣ ሽማግሌዎቹን ረሳ፣ ድንጋዩን ረሳ። ተወረወረ። ግልገሏ ዘወር ስትል እሱ ከነድንጋዩ ጥልቁ ውኃ ውስጥ ገባ።

ሲሰምጥ «በደልኩ» ያለ መሰላችሁ? «ፍየል ገደለችኝ!» ነው ያለው።

ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አወጣ። «እንግዲህ ሞቷል፤ አሁን እንኳ ይቅር በይው» አለ።

«ማንን? ይቅርታ ጠይቆኝ የማያውቀውን?» አለች እመት ፍየል። «እሱ የጠየቀኝ ደጄን ነው።» ግልገሎቿንም ይዛ ሄደች።

ልጆቼ፣ የተጸጸተ የበደለውን ያስባል፤ ኅሊና የሌለው የቀረውን ይቆጥራል። ለእንዲህ ያለው ምሕረት የጥርስ መሞረጃ ነው።

ተረቴን ያዙ፣ ደጃችሁን ዝጉ።