የጡት ዘመድ

«ፊደሉ ይቆይሽና ታናናሾችሽን ጠብቂ። እኔ የመስፍኑን ልጅ እንዳጠባ ተጠርቻለሁ።» እናቷ ይህን ስትላት ኦዲላ ቀንድ ያላበቀለች ግልገል ነበረች። ፊደሉ እንደቆየ ቀረ። እናትየዋ ጌርትሩድም የሙት ልጅ የሆነውን የተኩላ ቡችላ አጥብታ፣ አሳድጋ፣ እዚያው ግንብ ውስጥ አርጅታ ሞተች።

አገሩ ከባሕር ማዶ፣ በረዶ ከማይለቀው ተራራ ሥር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አንበሳ ሩቅ ስለሚኖር፣ መኖሩ የሚታወቀው ስሙ በጸሎት ሲነሣ ብቻ ነው። ደኑን ቆራርሰው የያዙት መሳፍንቱ ተኩሎች ናቸው፤ አባት ለልጅ ያወርሳል፣ ልጅም ውርሱ ሲዘገይበት አባቱን ያጣድፋል። ፍየሎች በየጸደዩ አንድ ግልገል ይሰጣሉ። ይህም «የፍቅር ስጦታ» ይባላል፤ ያልሰጠ ፍቅር የለውም ተብሎ ራሱ ይበላል።

ዓመታት አልፈው ያ የጌርትሩድን ጡት የጠባው ቡችላ አድጎ፣ ራብዓዊ ቴዎባልድ ተብሎ ሊሾም ሆነ። የስጦታው ተራ ደግሞ የኦዲላ አንድ ልጇ ሩፐርት ላይ ደረሰ።

ፍየሎቹ ተሰብስበው መከሩ። ጢሙ ከሐሳቡ ቀድሞ የረዘመው አውራው ፍየል አንሰልም አንድ የቆየ ልማድ አስታወሰ። በሹመት ቀን የመስፍኑ ዘር ሲቆጠር የቀረ ስም ካለ፣ ማንም ተገዢ «ተረስቷል» ማለት ይችላል፤ እውነት ከሆነም ይጨመራል። ጡት የተጋራ ደግሞ አይበላላም። ኦዲላ የእናቷን ስም ካስገባች የወገኑ ሁሉ ልጅ ይተርፋል አለ። አንዲት አሮጊት፣ ከእንግዲህማ የምንጠራው ለድግስ ነው ስትል፣ ከጥግ ያለች ጎረቤቷ ድግስም ላይ ሥጋ አይጠፋም አለቻት። ተሳሳቁ።

ኦዲላ አልሳቀችም። ልጅ ሳለች ለእናቷ ቅጠል ይዛ ግንቡ ትሄድ ነበር። የመስፍኑን አጎቶች ግድግዳው ላይ ተሥለው አይታለች፤ ገበታው ዙሪያ ግን አንድም አላየችም። ቢሆንም ልጇ ጎኗን ተደግፎ አንቀላፍቶ ነበርና እሺ አለች።

በሹመቱ ቀን ዘር ቆጣሪው ቀበሮ ድምፁን ጠርጎ ጀመረ። ቀዳማዊ ቴዎባልድ፣ ወንድሙ ባስታመመው ሕመም በሰላም አረፈ። ዳግማዊው፣ የወንድሙ ልጅ ምሳ በጋበዘው ቀን በሰላም አረፈ። ሣልሳዊው ከታናሽ ወንድሙ ጋር አደን ወጥቶ በሰላም አረፈ። ታናሽ ወንድሙም፣ ያሁኑ ጌታችን ጥርስ ባበቀሉበት ዓመት፣ በሰላም አረፈ።

«ተረስቷል» አለች ኦዲላ፣ ቀስ ብላ። የእናቷንም ስም ተናገረች።

መስፍኑ አተኩሮ አያት። «እውነት ነው» አለ፤ «የጡቷ ጣዕም እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።» ፍየሎቹ በደስታ አለቀሱ።

ቀበሮው ስሙን ጨምሮ ቆጠራውን ወደ ታች ቀጠለ። መስፍኑ ልጅ አልወለደም፤ ወንድምም አልተረፈለትም። ጌርትሩድ የጡት እናት ከሆነች ኦዲላ እህት ናት፤ የእህት ልጅ ደግሞ... ቀበሮው ቆም አለ። አንሰልም ግን መቆም አልቻለበትም፤ ወራሹ ከእኛ ወጣ ብሎ ጮኸ።

የመስፍኑ ፈገግታ ጠፋ። የዘንድሮው ስጦታ መቅረቱን፣ የእህቱም ልጅ በነጋታው መጥቶ እርሱ ዘንድ በክብር እንደሚያድግ አስታወቀ። ከዚያ ወደ ኦዲላ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ እኛ ቤት ባዕድ የሚበላው ሲርበን ነው።»

ቀበሮውም አልፎ ሲሄድ በጆሮዋ ጨረሰላት፦ «ዘመድ ግን ሳይርበንም ነው።»

ሲመለሱ ፍየሎቹ እሜቴ እያሉ መንገድ ለቀቁላት። ልጆቻቸው ተርፈውላቸዋልና ደስታቸው የእውነት ነበር። የግዛቱ ወሰን ከሆነው ድልድይ አጠገብ ስትደርስ ወደ ሌላው መስፍን ግዛት የሚሻገሩ በጎች አገኘች። ግልገል የሞተባትን አንዲት በግ ለምና አብሯት የነበረውን ሩፐርትን መካከላቸው ከተተችው። የእኔ ነው በዪ፣ ለልጁም እንዲያ ንገሪው አለቻት።

የመስፍኑ ውሾች ድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። ግልገሉ መሐል ሲደርስ ዞሮ «እማ!» አለ። አንዱ ውሻ ልጁን፣ ከዚያም ኦዲላን ተመለከተ።

ኦዲላ አንገቷን ደፍታ ሣር መጋጥ ጀመረች።