ከሰል፣ ነፋስና የአራስ ቤት ምድጃ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚሟገትበት ዘመን፣ ውርጭ በማይጠፋበት ደጋ ጥላዬ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበረ። ሚስቱ አስካለ ሴት ልጅ ወለደችለት። ምን ያደርጋል፣ ሕፃኗ ከብርዱ የተነሳ ጡት መያዝ አቃታት፤ ከንፈሯም ጠቆረ። ዛፉ ተቆርጦ አልቋል፤ ማገዶ ከየት ይምጣ? ጥላዬ ገደል ወርዶ የድንጋይ ከሰል ቆፍሮ አመጣ፤ የብረት ምድጃም ቀጥቅጦ ሠራ።

አማቱ እማማ ወርቅያንጥፉ ግን ወግ አጥባቂ ናቸው። አራስ ቤት ነፋስ ከገባ አለቀ ባይ ናቸው። የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በእበት ደፈኑት። ይኼ አልበቃ ብሏቸው የምድጃውንም አፍ መረጉት! አይ እማማ!

ከሰል መጋሙን ትቶ ይጨስ ጀመር።

«አንተ ከሰል፣ ሙቀትህ የታለ?» አለው ጥላዬ።

«አፌን አፍነህ ነው እንዴ የምታናግረኝ?» አለ ከሰል።

ይኼኔ ነፋስ ከውጭ፣ «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። «አስገቡኝ፤ ከሰሉን ላግዘው።»

«አራስ ቤት? እኔ በቁሜ!» አሉ እማማ።

ጥላዬ ከሰሉን እጥፍ አደረገው። ጭሱም እጥፍ ሆነ።

«ቤቶች!» አለ ነፋስ።

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ምቀኛ!» አሉ እማማ።

ጥላዬ ለሦስተኛ ጊዜ ምድጃውን ጢም አድርጎ ሞላው። ጭሱ ቤቱን ዋጠው። ሕፃኗ አሳላት፤ ቀጥላ ጭጭ አለች።

«ቤቶች! ኧረ ልጅቷ!» አለ ነፋስ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች አስካለ። ጥላዬ ተንደርድሮ በሩን በረገደው። ጭሱ ወጣ፤ ሕፃኗም አለቀሰች። ጥላዬም አብሯት አለቀሰ፤ ምን ያሳፍራል?

«አሁን ስማኝ» አለው ነፋስ። «ወደ አራሷ አልዞርም። ከምድጃው ሥር ቀዳዳ ብሳልኝ፤ ከሰሉን ላፋፍመው። ከፍ ብሎም አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ጨምርልኝ፤ ጭሱን ሳይወጣ እዚያው ላቃጥለው።»

«እኔስ ማን ረሳኝ?» አለ ውኃ ጥግ ላይ ከተቀመጠው የብረት ጋን ውስጥ። «የጭስ መውጫ ቱቦ ሥራና በእኔ መሀል አሳልፈው። ሙቀቱ ለሰማይ ከሚባክን እኔ ልሙቀው።»

«እማማ፣ ዛሬስ ይቅር ይበሉኝ» አለ ጥላዬ። በሳ፣ ቱቦውንም ዘረጋ።

«ተመስገን፣ አፌ ተፈታ!» አለ ከሰል፤ ፍም ሆነ። ቅድም ሙሉ ምድጃ ያላሞቀውን ቤት አሁን ሁለት እፍኝ አሞቀው። ጋኑም ፈላ።

እማማ ውኃውን አለዝበው ሕፃኗን አጠቧት። ከንፈሯ ቀላ፤ እናቷ ደረት ላይ እንዳስተኟት ጡቷን ያዘች። እማማ ይኼን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ጎንበስ ብለው ወደ ምድጃው ሥር፣ «ነፋስ ልጄ፣ ሳላውቅህ ነው ያማሁህ። ይቅር በለኝ» አሉት።

ለዚህ ነው የዚያ አገር ሰው እንዲህ የሚለው፦ ነፋስ ፈርቶ ቤቱን የዘጋ፣ ጭሱን አቅፎ አነጋ።