አቦን በጀርባው ያከበረ

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ይህን ያወራችልኝ የአያቴ እናት ናት፤ እሷም ከእናቷ ሰምታዋለች። ድሮ ነው፤ ከእኛ ወዲያ፣ ከአያቶቻችንም ወዲያ፣ ይህ የጥድ አምባ አቦ ቤተ ክርስቲያን ገና የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ልመንህ የሚባል ቅጥር አራሽ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። መሬት የለው፣ ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው። አቶ ይመኑ ከሚባሉ ባለ ርስት ቤት ከበሬዎቹ ጎን ያድራል፤ የሳቸውን መሬት ያርሳል። ቁመቱ አጭር ነው፤ ጀርባው ግን ሰፊ ነው።

ልመንህ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን፣ አቦን፣ ይወዳል። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የመንደሩ ሰው የአቦን ማኅበር ይጠጣል፤ ዛሬ እከሌ ቤት፣ በወሩ እከሌ ቤት። ልመንህ ቤት የለውምና ተራ አይደርሰውም። አንድ ቀን የነፍስ አባቱን መምሬ ስነ ኢየሱስን ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ አቦን በምን ላክብር? የማስጠምቅበት ጓዳ የለኝ፣ የማስጋግረው ዱቄት የለኝ።»

«ያለህ ምንድን ነው ልጄ?»

ልመንህ አሰበ። «ያለኝ ጀርባ ነው አባቴ።»

መምሬ ሳቅ አሉ። «እንግዲያው በሱ አክብር» አሉት።

እሳቸው እንደ ዋዛ ተናግረው ይሆናል። ልመንህ ግን እንደ ዋዛ አልሰማውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ያኔም እንደ ዛሬው አቀበቱ አናት ላይ ነው። ከታች እማማ ተዋቡ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰባት ዓመት ሆኗል። ደወል ሲሰሙ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ያማትባሉ። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ልመንህ መጣና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቁጢጥ አለ።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉት።

«ይውጡ እማማ፤ ላዝልዎ።»

«እኔን? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ይበል።»

አዘላቸው። አቀበቱን ወጣ። ሰዎች ሳቁ፤ «ልመንህ ልጅ አገኘ» አሉ። እማማ ተዋቡ ግን የጥዱ ሽታ ሲደርሳቸው አለቀሱ፤ እንባቸው በአንገቱ ሲወርድ ተሰማው። የቤተ ክርስቲያኑን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪበቃቸው ሳሙ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አዘላቸው። በክረምቱ ጭቃ አዘላቸው፣ በበጋው አቧራ አዘላቸው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ የአቶ ይመኑ ጤፍ አውድማ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። ቀኑ አምስት ነው።

«ዛሬ አውድማውን ጥለህ አትሄድም» አሉት አቶ ይመኑ። «ዓመታዊው አቦ ጥቅምትና መጋቢት ነው። ወር በወር ሥራ የሚፈታ አራሽ አላየሁም።»

«ጌታዬ፣ ሮጬ ሄጄ ሮጬ እመጣለሁ። እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል።»

ሄደ። ሲመለስ ዝናቡ ቀድሞታል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያወራ ደመናው ተመለሰ፣ አውድማው ላይ ጠብታ አልወረደም ይላል። እንዲያ አልሆነም ልጆቼ። ጤፉ ራሰ፤ የዓመት ልፋት ከጭቃ ተቀላቀለ። ልመንህ አውድማው ዳር ቆሞ አለቀሰ፤ ያን ጤፍ ያረሰውም የዘራውም እሱ ነበር። አቶ ይመኑ «ከደጄ ውጣ» አሉት። አልተከራከረም፤ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በደጀ ሰላሙ እያደረ ለቤተ ክርስቲያኑ ውሃና እንጨት ያመላልስ ጀመር። አምስት ሲሆን እማማ ተዋቡን አዘላቸው። በዓመቱ እሳቸው አረፉ፤ ጀርባውም ባዶ ቀረ።

ከመንደሩ ወዲያ፣ ከቁልቋሉ አጥር ኋላ፣ ስንዱ የምትባል ሴት ብቻዋን ትኖር ነበር። ቁምጥና ጣቶቿንና እግሯን ጎድቷታል። ሰው ምግቧን ድንጋይ ላይ አስቀምጦላት ይመለሳል። የመጋቢት አቦ ዕለት ልመንህ ወደሷ ወረደ።

«እዚያው ቁም ወንድሜ» አለችው። «አትቅረበኝ።»

«እትዬ ስንዱ፣ ዛሬ እኮ አቦ ነው።»

«አውቃለሁ። ደወሉን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ነይ፤ እንሂድ።»

«እኔን ከነካህ በኋላ ማንም አይነካህም። አውቀኸዋል?»

«አውቄዋለሁ» አላት፤ ጀርባውን ሰጥቷትም ቁጢጥ አለ።

አቀበቱን ሲወጡ የሳቀ የለም። ሰው መንገድ ለቀቀ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ልመንህ ከቅጥሩ በር ውጭ አወረዳትና ከጎኗ ቆመ። ቅዳሴው ሲያበቃ መምሬ ስነ ኢየሱስ ሕዝቡን አልፈው ወጡና መስቀል አሳለሟት። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ደገሙላት።

ስንዱ ያለችው ግን አልቀረም። ከዚያ ቀን በኋላ የልመንህም ምግብ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እሱ ድርሻውን ይዞ ወደ ቁልቋሉ ይወርዳል፤ ከስንዱ ጋር አብረው ይበላሉ። «ብቻዬን የበላሁበትን ዘመን ረሳሁት» ትል ነበር።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው፣ በነሐሴ፣ ልመንህን ንዳድ ያዘው። በሦስተኛው ቀን እዚያው ደጀ ሰላሙ አረፈ። መምሬ በገዛ እጃቸው ገንዘው ቃሬዛ ላይ አደረጉት፤ ቃሬዛውን የሚያነሳ ግን ጠፋ። በዚያ ዘመን አስከሬን የሚያነሳው ዘመድ ነው፤ ደግሞም ሰው ፈርቷል።

«የሟች ዘመድ ማነው?» ብለው ጠየቁ መምሬ።

ዝም።

ደግመው ጠየቁ። ዝም።

ሦስተኛ ሲጠይቁ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከመሬት ጠጋ ብሎ፣ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

ስንዱ ናት። አቀበቱን በክርኗና በጉልበቷ እየዳኸች ወጥታለች። እየተጎተተች መጣችና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ በክንዷ አቀፈች። ልታነሳው አልቻለችም፤ ግን አልለቀቀችውም።

ሰው አንገቱን ደፋ። ያኔ አቶ ይመኑ ከመሃል ወጡ። አርጅተዋል። ጋቢያቸውን አደግድገው ጎንበስ አሉና ከስንዱ አጠገብ ያለውን ጫፍ ያዙ።

«እኔም ነኝ» አሉ።

ከዚያማ ማን ይቀራል። እኔም ነኝ፣ እኔም ነኝ እያለ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ስንዱንም አንድ ጎልማሳ አዝሎ ከአስከሬኑ ኋላ አስከተላት።

በጥድ አምባ ሰው ሲሞት፣ ባለጸጋም ይሁን ለማኝ፣ ካህኑ አስከሬኑ ሳይነሳ «የሟች ዘመድ ማነው?» የሚሉት ለዚህ ነው። አምና እንኳ ስሙን የማናውቀው መንገደኛ ወደ ገበያ ሲሄድ እዚህ ወድቆ አረፈ። ካህኑ ጠየቁ። እናንተም ነበራችሁ፤ ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ ታስታውሳላችሁ።