ለስምንት ወር የተስማማችው ሴት

አንድ አዛውንት የሒሳብ መምህር ለተማሪዎቻቸው ሲሉ በአማርኛ ቃላት ፕሮግራም የሚጻፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሩ። ስማቸው ጋሽ ወንድይፍራው ነው። ቋንቋውን ለማንም ሳይሸጡ "ውሰዱት፣ አሻሽሉት" ብለው ለቀቁት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከደሴም ከሐዋሳም ከጅማም በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ የሚገናኙት በኢንተርኔት እየተጻጻፉ ነበር።

ማኅበሩ ትንሽ ሳለ ጋሽ ወንድይፍራው ያሉት ይሆን ነበር። ሰው ሲበዛ ጭቅጭቁም በዛ፤ ዳኝነቱም ሰለቻቸው። ስለዚህ ሥልጣኑን ሰባት አባላት ላሉት ጉባኤ አስረክበው አጭር ደንብ ጻፉለት። ከደንቡ አንዱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሐሳብ ለአሥር ቀን ይቀርባል፤ በአሥሩ ቀን ዝም ያለ አባል እንደተስማማ ይቆጠራል። አንቀጹ መጥፎ አልነበረም። ሥራ የበዛበትን ሰው ሁሉ "እባክህ መልስ ስጠን" እያሉ ከመለመን ያሳርፋል።

ከሰባቱ አንዷ የጅማዋ ትርሲት ነበረች። የእሷ ድርሻ ተማሪ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ የሚመልስለትን መልእክት መጻፍ ነው። ሌላው ቋንቋ "ስህተት!" ብሎ በሚያበቃበት ቦታ የትርሲት መልእክት "አይዞን፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የተከፈተው ቅንፍ አልተዘጋም" ይላል። እያንዳንዷን መልእክት ጮክ ብላ ታነባታለች፤ የምታስደነግጥ ከመሰላት ሰርዛ እንደገና ትጽፋታለች። አመስጋኝ የሌለው ሥራ ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ እወዳለሁ።

ታዲያ አንድ ሰሞን በማኅበሩ ውስጥ ትልቅ ጠብ ተነሣ። ጠቡ ምን መሰላችሁ? እያንዳንዱ ትእዛዝ በአራት ነጥብ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚል ነው። አንዱ ወገን ያለ አራት ነጥብ አማርኛ የለም አለ። ሌላው ጣታችን ዛለ አለ። በዚህ የተነሣ ለበዓል "እንኳን አደረሰህ" መባባል የተዉም ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የጉባኤው ጸሐፊ ሌላ ሐሳብ አነሣ። መልእክቶቹ ረዝመዋልና በቁጥር ይተኩ፣ "ስህተት 41" ቢባል ይበቃል አለ። ትርሲት ወዲያው ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤዋ ግን ስለ አራት ነጥብ በተጻፉ ሦስት መቶ መልእክቶች መሐል ተቀበረ። አንድም ሰው አልመለሰላትም። ሐሳቡ በይፋ ሲቀርብ እሷ ዝም አለች። አሥሩ ቀን አለፈ፤ ሐሳቡ ጸደቀ፤ ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ "ትርሲት፦ ተስማምታለች" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በመጣው ውሳኔ ሁሉ ስሟ አጠገብ የሚጻፈው ይኸው ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ጉባኤው መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ በሠላሳ አንድ ውሳኔዎች አንድም ጊዜ ያልተቃወመች አባል ትርሲት ሆና ተገኘች። በዚያ ሁሉ ጠብ መካከል እንዲህ ያለች ሰላማዊ ሰው ተገኘች ብለው ተደሰቱ። የምስጋና ወረቀት አዘጋጁላት፤ ጋሽ ወንድይፍራውም እንዲፈርሙበት ላኩላቸው። እሳቸውም የምሥራቹን በራሳቸው አንደበት ሊነግሯት ስልክ ደወሉ።

ትርሲት እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ በቀስታ፦

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ማኅበሩን ከተውኩት ስምንት ወር ሆነኝ" አለች።

ሽማግሌው ደነገጡ። "ዝም ስትዪ የተስማማሽ መስሎን ነበር፣ ልጄ።"

"ደክሞኝ ነው እንጂ።"

ጋሽ ወንድይፍራው ስልኩን ዘግተው ምን እንዳደከማት ለማወቅ የማኅበሩን የቆየ ጽሑፍ ሲያገላብጡ ውለው ደብዳቤዋን አገኙት። የምስጋናውን ወረቀት ሳይፈርሙ ጉባኤውን በቪዲዮ ሰብስበው ደብዳቤውን አነበቡላቸው፦ "ቁጥር ለእኛ ይቀለናል። ተማሪው ግን ሲሳሳት ብቻውን ነው፤ በዚያች ደቂቃ የሚያናግረው እኛ የጻፍነው መልእክት ብቻ ነው። እባካችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጊዜ አነጋግሩኝ።"

ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። ደንቡ ግን እንዳልተጣሰ ተናገረ።

"ልክ ነህ፣ አልተጣሰም" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። "ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥም ዝም እንደሚል ሳልጽፍ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ጉባኤውም አንቀጹን በዚያው ስብሰባ ሰረዘው።

በዚያው ቀን ጸሐፊው ከትርሲት ደብዳቤ ሥር፣ ስምንት ወር ዘግይቶ፣ መልስ ጻፈ፦ "ይቅርታ። አሁን አነበብኩት፤ ልክ ነበርሽ።" ትርሲት መልስ አልሰጠችም። አምስት ቀን ሆነ፤ ከዚያም አሥር። በቀድሞው ደንብ ቢሆን "ይቅር ብላለች" ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ጸሐፊው ግን መዝገቡን አልነካም። በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ አነሣና ደወለላት። ስለ ማኅበሩ ሳያነሣ በመጀመሪያ ደኅንነቷን ጠየቃት።

ረጅም ጊዜ አወሩ። በመጨረሻ ትርሲት "መልስህን አይቼዋለሁ። ዛሬም ባትደውል ኖሮ ሁለተኛ አልመለስም ነበር" አለችው። በማግስቱ አንዲት መልእክት ላከች፤ "ስህተት 41" ተሰርዛ በቦታዋ "አይዞን" ገባች። ሌሎቹም መልእክቶች ቀስ በቀስ ተመለሱ። አራት ነጥቡ ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ወዳጆቼ፣ በቤታችንም በመሥሪያ ቤታችንም የማይቃወመንን ሰው ደስተኛ ነው ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ በእርግጥ ደስተኛ ነው። አንዳንዱ ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ የሚሰማው አጥቶ፣ ስሙን እኛ ዘንድ ትቶ ከሄደ ቆይቷል። ሰው መስማማቱን የምናውቀው ጠይቀነው ሲነግረን ነው።

እናንተስ፣ ድምፁን ካሰማ የቆየ ማን አላችሁ? ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ደውሉለት።